ወጣ ብያለሁ

አባቴን ቤት ውስጥ ያሰረው የስልክ ገመድ ነው ብዬ አምን ነበር። ስምንት ዓመቴ ነው፤ የማምነው ያየሁትን ነው። አባቴ ጠዋት ቁርሱን ቆሞ በልቶ ወደ ምድር ቤት ይወርዳል። እዚያ፣ ከልብስ ማጠቢያው አጠገብ፣ ኮምፒውተሩ አለ። ከኮምፒውተሩ የወጣ ግራጫ ገመድ በግድግዳው ተስቦ ስልኩ ጋ ያበቃል። የጎረቤታችን የአቶ ቶይቮ ውሻ ሰንሰለቷ የሚያደርሳት እስከ እንጨት ክምሩ ብቻ ነበር። የአባቴ እስከ በረንዳው ደረጃ ነበር።

ያደግሁት ራንታላ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ በሚሺጋን ሰሜን ጫፍ፣ ሐይቁ ዳር ነው። በረዶው ከኅዳር እስከ ሚያዝያ መስኮታችንን በግማሽ ሸፍኖት ይከርማል። ከሦስት ዓመት በፊት አባቴ የእንጨት ጭነት መኪና ሹፌር ነበር። አንድ ቀን ድልድዩ ላይ መኪናው ተንሸራተተና አፍንጫው ከድልድዩ ወጥቶ ሁለት ሰዓት አየር ላይ ተንጠለጠለ። አባቴን አንድ ጭረት ሳይነካው ከውስጡ አወጡት። ሰዉ ሁሉ «ዕድለኛ ነህ!» አለው። አክስቴ አርሊን ኬክ ጋግራ መጣች። እኔ ከዚያ ቀን የማስታውሰው ኬኩን ነው።

ከዚያ በኋላ አባቴ መንዳት ተወ። ቀጥሎ ሱቅ መሄድ ተወ፣ ቀጥሎ ግቢውን መጥረግ። ለምን ለሚል ሁሉ እናቴ መልሷ አንድ ነበር፤ «ጀርባው ነው።» የሆስፒታል ልብስ አጣቢ ናት፤ ከሥራ መጥታ እንጨቱን የምትፈልጠው እሷ፣ በረዶውን የምትዝቀው እሷ። እኔ ግን አባቴ አዲሱን የልብስ ማጠቢያ ብቻውን ተሸክሞ ደረጃውን ሲወርድ በዓይኔ አይቻለሁ። ስለዚህ ጀርባው ውሸት ነው አልኩ። ውሸት ከሆነ ደግሞ ያሰረው ሌላ ነገር አለ።

ያን ጊዜ ኢንተርኔት በየቤቱ አልገባም። አንዳንድ ሰው ኮምፒውተሩን ከቤት ስልኩ ጋር ያገናኝና ለማያውቃቸው ሰዎች ክፍት ያደርገው ነበር። የፈለገ ከቤቱ ይደውላል፤ ሰው ሳይሆን ማሽን ያነሳለታል። ገብቶ ሌሎች የጻፉትን ያነባል፣ የራሱን ጽፎ ይወጣል። መስመሩ አንድ ስለሆነ አንዱ እስኪወጣ ሌላው ደጅ ይጠብቃል። ይህን ሰሌዳ ይሉታል፤ አባቴም ባለሰሌዳ ነበር።

ደዋዩ ከባለሰሌዳው ጋር ማውራት ሲፈልግ አንዲት ቁልፍ ይጫናል፤ ባለሰሌዳው ቤት ማሽኑ ጢጥ ጢጥ ይላል። ባለቤቱ ከሌለ ግን ደዋዩ ባዶ ስክሪን ላይ አፍጥጦ ይቀራል። አባቴ ለዚህ አንዲት ትንሽ ፕሮግራም ጻፈ። ባለሰሌዳው በሌለ ጊዜ እሷ ትመልሳለች፦ «ወጣ ብያለሁ። ዓሣ ላጠምድ ነው፤ ወደ ማታ እመለሳለሁ። መልእክት ተውልኝ።» የት እንደሄደና መቼ እንደሚመለስ ባለቤቱ ራሱ ይሞላዋል። ስሟም «ወጣ ብያለሁ» ነበር። በነጻ ሰጣት። ከእሷ ጋር በምትሄደው ማስታወሻ ላይ እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ «ዋጋ የላትም። ከጠቀመቻችሁ ከከተማችሁ አንድ ፖስትካርድ ላኩልኝ።»

ላኩ። አምላኬ፣ እንዴት አድርገው ላኩ! ፖስታ ሳጥኑ መንገዱ ዳር ስለነበር የማመጣው እኔ ነበርኩ። ከቱልሳ፣ ከሳቫና፣ ከካናዳ፣ አንድ ጊዜ ከኒውዚላንድ። አባቴ ከኮምፒውተሩ በላይ ግድግዳው ላይ በመርፌ ይሰካቸዋል፤ እኔ ማጠቢያው ላይ ቁጭ ብዬ እግሬን እያወዛወዝኩ ጮክ ብዬ አነባለሁ። ብዙዎቹ ላይ በትልቁ የታተመ አንድ አባባል አለ፤ «እዚህ ብትሆን ምንኛ ደስ ባለን!»

«አባዬ፣ ሳቫና ናልን እያሉህ ነው» አልኩት።

«ጨዋ ሰዎች ናቸው።»

«መቼ ነው የምንሄደው?»

«አዬ አንቺ! ማሽኑን ማን ይጠብቅልኛል?»

እየሳቀ ነው ያለው። እኔ ግን ልክ እንዳለው ወሰድኩት። ያ ሁሉ ሰው ናልን እያለ ይለምነዋል፤ ማሽኑ ግን አይለቀውም።

አንድ ቀን አክስቴ አርሊን ቡና ልትጠጣ መጣች። እኔ ከጠረጴዛው ሥር ሥዕል እየቀባሁ ነበር፤ የማየው እግራቸውን ብቻ ነው።

«ሎርና፣ እስከ መቼ ነው የምትሸፍኚለት?»

«ጀርባው ነው አልኩሽ።»

«ለኔም ጀርባው? ለእኅትሽ?»

የእናቴ እግር ወንበሩ ሥር ተሸሸገ። «እዚህ ከተማ ወንድ ልጅ እንዲህ ሆነ ቢባል ምን እንደሚሉት አታውቂም? ዘንድሮ አንድ ቀን እንኳ ከበረንዳው ደረጃ ወርዶ አያውቅም፣ አርሊን። ደግሞ እዚያ ታች ያለው ነገር ባይኖር ኖሮ…»

አልጨረሰችውም። አክስቴ «እሽ፣ እሽ፣ አታልቅሺ» አለቻት። እኔ ቀለሜን እንደያዝኩ ጨረስኩላት፦ እዚያ ታች ያለው ነገር ባይኖር ኖሮ፣ ይወጣ ነበር።

በየካቲት የትምህርት ቤታችን የበረዶ ሸርታቴ ውድድር ደረሰ። ከክፍሌ እኔ ተመረጥኩ። አባቴን ለመንኩት።

«ማሽኑን የሚጠብቅ ካገኘሁ እመጣለሁ» አለ።

«ራሷ ትጠብቀዋለች!» አልኩ። ሌሊቱን ሙሉ ያሰብኩበት ነው። «'ወጣ ብያለሁ'ን የጻፍካት አንተ አይደለህ? ለራስህ አብራት። 'የኤይላን ውድድር ላይ ነኝ፣ በዘጠኝ ሰዓት እመለሳለሁ' በላት።»

አባቴ መሳቅ ጀመረ፤ ሳቁ መሀል ላይ ቆመ። ፊቱን ወደ ስክሪኑ አዞረ። «ጎበዝ ነሽ» አለኝ። «እኔ እንኳ አላሰብኩትም።» ከዚያ ቁልፎቹን እየነካ ሞላው። አየሁት። ልክ እኔ እንዳልኩት ጻፈው።

ቅዳሜ በውድድሩ ሁለተኛ ወጣሁ። ተመልካች የቆመበትን አጥር ከጫፍ እስከ ጫፍ አየሁ። የሰው አባት ሁሉ አለ፤ የኔ የለም። አክስቴ አርሊን በመኪናዋ ቤት አድርሳኝ ሄደች። እናቴ ሥራ ላይ ናት። ወደ ቤት ስገባ ሥጋ የተሞላ ቂጣ ከምድጃው ይሸታል፤ አባቴ ጫማውን አድርጎ፣ ካፖርቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ ወጥ ቤት ወንበር ላይ ተቀምጧል። ፊቱ ላብ በላብ ነው።

እስከ ዛሬ ያን ካፖርት አልረሳሁትም። ከጠዋት ጀምሮ እንደዚያ ለብሶ እንደተቀመጠ፣ ሦስት ጊዜ በሩን ከፍቶ ሦስት ጊዜ እንደዘጋው የነገረኝ ራሱ ነው፤ እኔ ልጅ ከወለድኩ በኋላ። ያኔ ግን ያየሁት ለመውጣት ተዘጋጅቶ የተከለከለ ሰው ነው። የከለከለውም ምድር ቤት ነው ያለው።

«ሸርታቴዬን ልሰቅል» ብዬ ወረድኩ።

ማሽኑ እንደ ድመት ያንኮራፋል። ከመሣሪያ ሳጥኑ የሽቦ መቁረጫ አነሳሁና ግራጫውን ገመድ በሁለት እጄ ቆረጥኩት። አንድም ነገር አልሆነም፤ ማሽኑ ማንኮራፋቱን አልተወም። ፈራሁት። በእንፋሎት ከምንታጠብበት ክፍል በር ሥር ውሃ የሞላ የእንጨት ባልዲ ነበር። አንስቼ ቸለስኩበት።

ድው አለ። ሰማያዊ ብልጭታ አየሁ፣ ከዚያ የምድር ቤቱ መብራት ጠፋ፤ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ አፍንጫዬን ሞላው።

አባቴ ደረጃውን በሁለት እርምጃ ወረደ።

«አሁን መውጣት ትችላለህ!» አልኩት። «በቃ፣ ሞቷል!»

አልጮኸም። እጄን ይዞ በደረጃው በኩል ወደሚመጣው ብርሃን ገለበጠው። «ነዘረሽ? ጣትሽን አሳዪኝ። ሌላውንም።» ደህና መሆኔን ሲያውቅ ነው ወደ ማሽኑ የዞረው። ውሃው ከሳጥኑ ሥር ጠብ ጠብ ይላል። አባቴ ደረጃው ላይ ተቀመጠና መተንፈስ አቃተው። ዓሣ ከውሃ ሲወጣ እንደሚያደርገው አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል።

ሮጥኩ። ካፖርት የለ፣ ጓንት የለ። ግቢው ውስጥ ከበረዶ ሥር ግማሹ የተቀበረ አሮጌ ፒክአፕ ነበረን፤ ገባሁና በሩን ከረቸምኩት። ማልቀሴን ስጨርስ ልከፍት ብል እጀታው ከእጄ ጋር መጣ። የሹፌሩን በር ሞከርኩ፤ በረዶ ገፍቶታል። መስታወቱ በውስጥ በኩል በትንፋሼ ነጭ ሆነ። ጣቶቼ መጀመሪያ አመሙኝ፣ ከዚያ ማመማቸውን ተዉ። መስታወቱን በጫማዬ መደብደብ ጀመርኩ።

«ኤይላ!»

መስታወቱን በክንዴ ጠረግኩት። አባቴ በረንዳው ላይ ነው። «ውጪ!» ይለኛል። «አይከፈትም!» እላለሁ። አንድ እግሩን ደረጃው ላይ አወረደ፣ መለሰው። እንደገና አወረደ። ወደ መንገዱ አየ፤ መንገዱ ባዶ ነው። «አቶ ቶይቮ!» ብሎ ተጣራ፤ የሰማው የለም።

ከዚያ አባቴ በጉልበቱ ወደቀ። በእጁና በጉልበቱ እየዳኸ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ በበረዶው ላይ ወደ እኔ መጣ። ሃያ እርምጃ አይሞላም። መሀል ላይ ቆሞ ደረቱን ሲይዝ አየሁት። እንደገና ዳኸ። እጁ በሩን ዳሶ ሲያገኘው ዓይኑ እንደተጨፈነ ነው።

በሩን ከውጭ ከፈተ። ካፖርቱን አውልቆ ጠቀለለኝ።

«ሩጪ፣ ቤት ግቢ፣ ምድጃው አጠገብ ሁኚ።»

«አንተስ?»

«እኔ ትንሽ ልቀመጥ።»

«ጀርባህን ነው?»

ጥርሱ ይንቀጫቀጫል። «አዎ፣ የኔ ልጅ» አለ። «ጀርባዬን ነው።»

ከወጥ ቤቱ መስኮት አየሁት። ፒክአፑ ውስጥ ገብቶ፣ በሩ እንዳይዘጋ አንድ ጫማውን አስይዞ፣ በሸሚዝ ብቻ ተቀምጧል። እኔ ወለሉ ላይ የነበረውን ብርድ ልብስ ወርውሬለት ተመለስኩ፤ ሌላ የማደርገው አላወቅሁም። እናቴ አሥር ሰዓት ላይ መጣች። መኪናዋን መሀል መንገድ ላይ ጥላ ሮጠች። ብርድ ልብሱን ራሱ ላይ ጣል አድርጋ፣ ዓይኑን ሸፍና፣ እንደ ዓይነ ስውር እየመራች አስገባችው።

ስለዚህ ጀርባው እውነት ነበር። የዚያን ቀን የተረዳሁት ይህን ነው። አባቴ የእውነት በሽተኛ ነበር፤ እኔ ደግሞ ያለችውን አንዲት ነገር ገደልኩበት።

ከዚያ የመጡትን ቀናት የማስታውሰው በጸጥታቸው ነው። አባቴ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተኝቷል። ምድር ቤት የሚወርድ የለም። እናቴ የተቆረጠውን ገመድ ነቅላ ጥላ የወጥ ቤቱን ስልክ አስተካከለች፤ በተደወለ ቁጥር ግን በጆሮዋ የሚጮኽ ፉጨት ነው የሚመጣው፤ እሷም «ተዉን እባካችሁ!» ብላ ትዘጋለች። እኔን ማንም አልተቆጣኝም። ተቆጥተውኝ ቢሆን እወድ ነበር። ከትምህርት ቤት ስመለስ ከበሩ ጀምሮ በጣቶቼ ጫፍ ነበር የምራመደው።

ከብዙ ዓመት በኋላ እናቴን ያን ዓረፍተ ነገር ጨርሺልኝ አልኳት፤ «እዚያ ታች ያለው ነገር ባይኖር ኖሮ» ያለችውን። ወዲያው አስታወሰችው። «ባይኖር ኖሮ፣ አባትሽ ዛሬ በሕይወት አይኖርም ነበር። እሱን ነበር ልላት የፈለግሁት» አለችኝ።

በዐሥረኛው ቀን፣ እሑድ ከምሳ በፊት፣ በራችን ተንኳኳ። ጆሮ የሚሸፍን የፀጉር ባርኔጣ ያደረጉ፣ ስድሳ አምስት ዓመት የሚሆናቸው አንዲት ረጅም ሴት፣ ካርቶን ታቅፈው ቆመዋል።

«ዴል አለ? ቬርና ሊንድክቪስት እባላለሁ። ከዱሉዝ ነው የመጣሁት።»

ከዱሉዝ ከተማ እኛ ጋ በበረዶ የአራት ሰዓት መንገድ ነው። እናቴ የአባቴን ስም ስትሰማ በሩን በግማሽ ያዘችው። «ከየት ነው የምትተዋወቁት?»

«በስልክ። ድምፁን ግን ሰምቼው አላውቅም።»

«ያ የሚያፏጨው… እርስዎ ነዎት?»

«እኔና ሃያ የሚሆኑ ሌሎች። ይቅርታ፣ ልጄ።»

«ታዲያ እንደ ሰው በድምፅ ቢደውሉ ምን ነበረበት?»

«ደወልኩ እንጂ! ሐሙስ ዕለት። 'ደህና ነው፣ ጀርባውን ነው' ብለሽ ጆሮዬ ላይ ዘጋሽው።» ጫማቸውን እያራገፉ ገቡ። «ያስነሳኝ እኮ ጀርባው ነው። ዴል ጀርባውን አሞት አያውቅም።»

እናቴ ካርቶኑን ተቀበለቻቸው። እኔ እናቴን እንዲህ ያሸነፈ ሰው አይቼ አላውቅም።

ወይዘሮ ቬርና ጡረታ የወጡ የሒሳብ አስተማሪና ባለሰሌዳ ነበሩ። ሁለት ዓመት ሙሉ አባቴ ለማንም ያልነገረውን ለእሳቸው ሲጽፍ ኖሯል። እናቴን ይህ መጀመሪያ እንዳንገበገባት፣ ቀጥሎ እንዳሳፈራት ነግራኛለች።

አባቴ ፒጃማው ላይ ሹራብ ደርቦ መጣ። ሁለቱ ሲጨባበጡ አልተያዩም፤ ሁለቱም ጫማቸውን ነው የሚያዩት። «ቁመትህ እንዲህ ነው?» አሉት። «ለአጭር ሰው ነበር ስጽፍ የኖርኩት።» አባቴ ፈገግ አለ፤ ፈገግ ሲል ካየሁት ዐሥር ቀኔ ነው።

ከካርቶኑ ውስጥ አሮጌ ኮምፒውተርና አንድ ፍሎፒ ዲስክ ወጣ። ዲስኩ ውስጥ «ወጣ ብያለሁ» ነበረች፤ እኔ የገደልኳት መስሎኝ ነበር።

«ከየት አመጧት?» አልኩ። ድምፄ አመለጠኝ።

«ከየትም! በነጻ የተሰጠች ነገር እኮ አትጠፋም። አገር ምድሩ ላይ አለች፤ የኔም ቤት፣ የማላውቀውም ሰው ቤት።» ከዚያ ወደ አባቴ ዞሩ። «ለመሆኑ ማሽንህ ምን ነካው?»

ምሳ ቀርቧል፤ አራታችን ተቀምጠናል። አባቴ ሹካውን እያየ «ቧንቧ ፈነዳ» አለ።

እሱ እንደዋሸልኝ ገባኝ። ያን ጊዜ ውስጤ ሲጠራቀም የነበረው ሁሉ አንድ ላይ ወጣ። «እኔ ነኝ! ውሃ የደፋሁበት እኔ ነኝ። አላስወጣህ ሲል ጊዜ ነው። ሳቫና፣ ቱልሳ፣ ሁሉም ናልን እያሉት ማሽኑ ግን አልለቅ አለው። ጀርባው ውሸት መስሎኝ ነው፤ እውነት መሆኑን አላወቅሁም።»

እናቴ አፏን በእጇ ያዘች። አባቴ ሹካውን አስቀመጠ። ቀስ ብሎ ነው የተናገረው፤ ከወይዘሮ ቬርና በቀር ለማንም ያልተናገረውን፣ ለእናቴም እንኳ በግልጽ ያላለውን።

«ኤይላ፣ ጀርባዬ ደህና ነው። ማሽኑም አላሰረኝም። መውጣት ነው የምፈራው። ከበረንዳው ስወርድ የምሞት ይመስለኛል። በየቀኑ።»



«ድንቹን አቀብሉኝ» አሉ ወይዘሮ ቬርና።

እናቴ ሳቀች፤ ሳቋ ወደ ልቅሶ ተለወጠ፤ ድንቹን ግን አቀበለች። ከምሳ በኋላ ወይዘሮ ቬርና በሽታው ስም እንዳለው፣ ሐኪምም እንዳለው ለእናቴ ነገሯት፤ እሷም በአንድ የሱቅ ደረሰኝ ጀርባ ላይ ስሙን ፊደል በፊደል ጻፈችው። ከመጋቢት ጀምሮ አንድ ሐኪም በየሳምንቱ ቤት ድረስ ይመጣ ነበር።

ቀላል አልነበረም። በሚያዝያ እስከ ፖስታ ሳጥኑ። በግንቦት ሁለት ሳምንት ሙሉ ተመልሶ አልጋ። ድልድዩን እስኪሞት ድረስ አልተሻገረውም፤ ሳቫናንም አላየ። በሰኔ አንድ ቀን ግን እጄን ይዞ በመንገዱ ዳር ወጣን። መዳፉ እንደ ረጠበ ጨርቅ ነው። አቶ ቶይቮ ሣር እያጨዱ ነበር።

«ዴል!» ብለው ጮኹ። «ጀርባህ ተሻለህ?»

የአባቴ እጅ እጄን ጨመቀው። እንደልማዱ አዎ ብሎ የሚያልፍ መሰለኝ።

«ጀርባዬ ምንም አልሆነም፣ አቶ ቶይቮ። መንገድ ነው የምፈራው።»

አቶ ቶይቮ የማጨጃውን ሞተር አጠፉ።  ይሳቁበታል ብዬ እኔ ትከሻዬን ሰብስቤ ጠበቅሁ።

«እኔ ደግሞ መርከባችን ከሰጠመች ወዲህ ሐይቁ ውስጥ እግሬን ነክሬ አላውቅም» አሉ። «ሠላሳ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ለሚስቴ ዓሣ አልወድም እላታለሁ።» ላባቸውን በእጅጌያቸው ጠረጉ። «እስከ የት ነህ?»

«እስከ መንገዱ ጥግ።»

«እኔም ወደዚያው ነኝ» አሉ፤ የትም እንደማይሄዱ እያወቅን።

ሦስታችን እስከ ጥጉ ሄድን። እዚያ አባቴ በቃኝ አለ፤ ተመለስን።